የትናንሽ ደሴት አገሮችን ደን ማነጻጸር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በብዛት የሚመጡልኝ ከመመረቂያ ጽሑፍ ጋር ከሚታገሉ ተማሪዎች ነው። አንዳንዴ ከጋዜጠኛ፣ አንዳንዴም ማታ ማታ ካርታ ላይ አፍጥጦ ከሚያመሽ ሰው ይመጣሉ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ "ማን ስንተኛ ወጣ?" የሚል ሠንጠረዥ። ሠንጠረዡን መሥራት አስር ደቂቃ አይፈጅም። ችግሩ፣ ብዙ ጊዜ የሚወዳደሩት አገሮቹ ሳይሆኑ የቆጠራ ዘዴዎቻቸው ናቸው።

ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ፋኦ የምለው የተባበሩት መንግሥታትን የምግብና እርሻ ድርጅት ነው። የደን ስፋት አሃዞቹ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ ድርጅቱ በ2020 ካወጣው ሪፖርት የተወሰዱ ናቸው።

ከትናንሽ ደሴት አገሮች ብዙ ደን ያጣው የትኛው ነው?

በሄክታር ነው በመቶኛ? መልሱ በዚህ ይገለባበጣል።

ፓፑዋ ኒው ጊኒ በ1990 ወደ 36.4 ሚሊዮን ሄክታር ደን ነበራት። በ2020 ወደ 35.86 ሚሊዮን ወረደ። ከ500,000 ሄክታር በላይ ሄደ ማለት ነው። ኮሞሮስ ደግሞ ከ46,000 ሄክታር ገደማ ተነስታ 33,000 ገደማ ላይ ደረሰች። ያጣችው 13,000 ቢሆን ነው። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ያጣችው ደን ኮሞሮስን እንዳለች፣ ከነከተማዋ ከነተራራዋ፣ ሦስት ጊዜ ሊሸፍን ምንም አይቀረውም።

በመቶኛ ሲታይ ግን ፓፑዋ ኒው ጊኒ ያጣችው 1.5% ገደማ ነው። ኮሞሮስ 28% ገደማ። ከሩብ በላይ፣ በ30 ዓመት ብቻ።

እኔ ለደሴት አገሮች መቶኛውን አስቀድማለሁ፤ ሄክታሩን አጠገቡ እጽፋለሁ። ደሴት ላይ ደን ሲያልቅ "ወዲያ ማዶ ሄደን እንጨት እንልቀም" ማለት የለም። ማዶው ባሕር ነው። ጥያቄው ስለ ዓለም የካርቦን ክምችት ከሆነ ግን ሄክታሩ ይቅደም፤ የኮሞሮስ 13,000 ሄክታር እዚያ ስሌት ውስጥ ከነመኖሩም አይታወቅም።

ኮሞሮስ ምን ነካት?

ኮሞሮስ ስትባል አብዛኞቻችን የምናስታውሰው በ1996 የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ባሕሯ ላይ የወደቀበትን ቀን ነው። ከዚያ ውጪ ብዙም አናውቃትም። ሦስት ደሴቶች ናቸው፤ ንጋዚጃ፣ ንዝዋኒ (አንጁዋን) እና ምዋሊ። ከሦስቱ ክፉኛ የተራቆተችው አንጁዋን ናት። ሕዝቧ እጅግ የተጠጋጋ ነው፤ መሬቷ ደግሞ ቀጥ ያለ ገደል። ለሙዝና ለሥራ ሥር እርሻ ገበሬው ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ደኑ ጫፍ ላይ ቀረ።

ሌላው ምክንያት ሽቶ ነው። ኢላንግ ኢላንግ የሚባል ቢጫ አበባ አለ። ከዘይቱ ውድ ሽቶ ይሠራል፤ ኮሞሮስም ከዓለም ዋና አምራቾች አንዷ ናት። አበባው ጠዋት በማለዳ ይለቀማል። ከዚያ በርሜል በሚያህል ጋን ውስጥ ከውኃ ጋር ይቀቀላል፤ እንፋሎቱ በቧንቧ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ይንጠባጠባል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ልዩነቱ ጊዜው ነው። አንድ ዙር 20 ሰዓት ገደማ ሊወስድ ይችላል፤ ያን ሁሉ ሰዓት እሳቱ መጥፋት የለበትም። እሳቱ ደግሞ እንጨት ነው። ፓሪስ ውስጥ የምትሸጠው ትንሽ ጠርሙስ ጭስ የላትም፤ ጭሱ አንጁዋን ቀርቷል።

ውጤቱ መጀመሪያ የታየው ውኃ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ይፈሱ ከነበሩት የአንጁዋን ወንዞች ብዙዎቹ ዛሬ የሚፈሱት በዝናብ ወቅት ብቻ ነው። በአንጁዋንና በምዋሊ ብቻ የሚኖር አንድ ትልቅ የሌሊት ወፍም አለ፤ ክንፉን ሲዘረጋ ከአንድ ሜትር በላይ ይሆናል። ቀን ቀን ተሰቅሎ የሚውለው በትልልቅ አገር በቀል ዛፎች ላይ ስለሆነ፣ ዛፉ ሲቆረጥ እሱም ቤት አልባ ይሆናል።

"ትናንሽ ደሴት አገሮች" የሚባሉት እነማን ናቸው?

የተባበሩት መንግሥታት ዝርዝር አለው። ቡድኑ እንደ ልዩ ክፍል ዕውቅና ያገኘው በ1992 ብራዚል ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ በተደረገው የአካባቢ ጉባኤ ነው፤ ዛሬ 39 አባል አገሮችን ይይዛል። ግን ጉድ አለው። ጉያና፣ ሱሪናም፣ ቤሊዝና ጊኒ ቢሳው ዝርዝሩ ውስጥ ናቸው፤ አንዳቸውም ደሴት አይደሉም። ማዳጋስካር ደግሞ ደሴት ሆና የለችበትም።

ይህ ተራ የስም ጨዋታ አይደለም። የጉያናና የሱሪናም መሬት ከ90% በላይ ደን ነው። "የትናንሽ ደሴት አገሮች አማካይ" ብላችሁ ስትደምሩ እነሱና ፓፑዋ ኒው ጊኒ ሌላውን ሁሉ ይውጡታል። ቱቫሉ 1,000 ሄክታር ይዛ ድምፅዋ የት ይሰማል? ስለዚህ አማካይ አታውጡ። ካስፈለገም አገሮቹን በቅደም ተከተል ደርድራችሁ መሃል ላይ የሚወድቀውን ውሰዱ።

ፋኦ ደን የሚለው ምኑን ነው?

ከ0.5 ሄክታር የሚሰፋ መሬት፣ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ወይም ሊረዝሙ የሚችሉ ዛፎች፣ ከመሬቱ ከ10% በላይ የሚሸፍን የቅርንጫፍ ጥላ። በዋናነት ለእርሻ ወይም ለከተማ የዋለ መሬት አይቆጠርም። ማንግሮቭ ይቆጠራል። ለእንጨት የተተከለ ጥድና ባሕር ዛፍም ይቆጠራል። የፍራፍሬ ማሳ፣ የፓልም ዘይት እርሻና ኮኮናት ግን አይገቡም።

ለደሴት አገሮች ትልቁ ወጥመድ ይቺ ኮኮናት ናት። ብዙ የፓስፊክ ደሴቶች ከአውሮፕላን ሲታዩ አረንጓዴ ናቸው፤ አረንጓዴው ግን በአብዛኛው ኮኮናት ነው።

በዚህ ጉዳይ እኔም አንድ ጊዜ ጉድ ሆኛለሁ። ኪሪባቲን ከሁለት የፋኦ ሪፖርቶች ወስጄ ኤክሴል ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳት። ከ2015ቱ ሪፖርት 12,000 ሄክታር፤ ከ2020ው 1,180። ቀመሩን ጎተትኩት፤ 90% ቀንሷል አለኝ። በአምስት ዓመት! ቀይ ቀለም ቀባሁት፤ ርዕስም አወጣሁለት። ለሰው ልልክ ስል አንድ ነገር ከነከነኝና የ2020ውን ሪፖርት ወደ ኋላ ገልጬ 1990ን አየሁ። እዚያም 1,180 ይላል። ዛፉ የትም አልሄደም። የተቀየረው አቆጣጠሩ ነበር።

ትምህርቱ አንድ ነው፦ አዲስ ሪፖርት ሲወጣ ፋኦ እስከ 1990 ያለውን ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሶ ያስተካክላል። መነሻውንም መድረሻውንም ከአንድ ሪፖርት ውሰዱ። የ2025ቱ ስለወጣ ከእሱ የምትጀምሩ ከሆነ ሁሉንም ከእሱ ውሰዱ፤ እዚህ ካሉት ቁጥሮች ጋር አታቀላቅሉት።

እኛም አገር ይሄ ደርሷል። "ደናችን ከ40% ወደ 3% ወርዷል" ሲባል ያደግን ሰዎች፣ በኋላ 15.5% ሲባል ግራ ተጋባን። ከምክንያቶቹ አንዱ ትርጉሙ ነው። ኢትዮጵያ በ2015 የደንን ትርጉም ስትከልስ ቁመቱን 2 ሜትር፣ ጥላውን 20% አደረገችው፤ ጥቅጥቅ ያለው የቆላ ጫካ በአንድ ጊዜ ደን ሆነ። በሁለት ትርጉም የተቆጠሩ ሁለት ቁጥሮችን በመስመር አገናኝቶ "ጨመረ" ወይም "ቀነሰ" ማለት አይቻልም።

ከዓለም ባንክ ያገኘሁት ቁጥር ከፋኦ ጋር አንድ ነው። በሁለት ምንጭ ተረጋገጠ ልበል?

አትበሉ። የዓለም ባንክ የደን አሃዝ የፋኦ ቁጥር ነው። የምታዩዋቸው አብዛኞቹ ቆንጆ ግራፎችም እንደዚያው። አንዱ ምስክር ሦስት ቦታ ቀርቦ ቢናገር ሦስት ምስክር አይሆንም።

ሃይቲ 2% ነው ደኗ ወይስ 30%?

ሁለቱም ተጽፏል። ደግሞም ከሁለቱ የተለዩ ቁጥሮች አሉ።

"2%" የሚለው ለዓመታት ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ የኖረ ነው። በ2014 በሳተላይት ምስል የተሠራ ጥናት የዛፍ ሽፋኗን 30% አካባቢ አገኘው። ፋኦ በ2010 ሪፖርቱ 4% ገደማ ብሎ ነበር፤ በ2020 ሪፖርቱ 13% ገደማ አለ። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ማንም ያልነካውን ነባር ደን ብቻ ለየ፤ በ1988 ከነበረበት 4.4% በ2016 ወደ 0.32% ወርዷል አለ። ከ50 ትልልቅ ተራሮቿ 42ቱ ነባር ደናቸውን ሙሉ በሙሉ አጥተዋል።

ማን ዋሸ? እኔ እስከማየው ከ2%ቱ በስተቀር ማንም። የማንጎ ዛፍ ያለበት ጓሮ፣ ለከሰል እየተቆረጠ የሚያቆጠቁጥ ቁጥቋጦ፣ ቡና ከነጥላው፤ ይሄ ሁሉ ከሰማይ ሲታይ ዛፍ ነው። 30%ው ይህን ይጨምራል። 0.32%ው ደግሞ እንቁራሪቷና ኦርኪዱ የሚኖሩበትን ብቻ ይቆጥራል። ስለ አፈር መሸርሸር የምትጽፉ ከሆነ የመጀመሪያው ይጠቅማችኋል። ስለ ብዝኃ ሕይወት ከሆነ ሁለተኛው።

ጎረቤቷ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ እዚያው ደሴት ላይ ናት፤ ደኗ ከ1990 ወዲህ ከ1.6 ሚሊዮን ወደ 2.1 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ አድጓል። በ1967 መንግሥት የእንጨት መሰንጠቂያዎችን ዘጋ። በ1980ዎቹ ደግሞ የማብሰያ ጋዝ ተደጎመ፤ ከከሰሉ ይልቅ ሲሊንደሩ ረከሰ። ሃይቲ ውስጥ ምግብ የሚበስለው ዛሬም በአብዛኛው በእንጨትና በከሰል ነው።

የቫኑዋቱ መስመር ለ30 ዓመት ቀጥ ያለው ለምንድን ነው? ደኗን ስለጠበቀች?

442,300 ሄክታር። በ1990 442,300፤ በ2020ም 442,300። አንድ ሄክታር ንቅንቅ አላለም። በመሃል በ2015 ፓም የተባለው አውሎ ነፋስ አገሪቱን ሲያገላብጣት እንኳ።

እንዲህ ያለ ቁጥር ስታዩ ደስ አይበላችሁ። አዲስ የደን ቆጠራ ገንዘብና ባለሙያ ይፈልጋል። ጥቂት መቶ ሺህ ሕዝብ ያላት አገር በየአምስት ዓመቱ ይህን ማድረግ አትችልም። አዲስ መረጃ ሲጠፋ የድሮው ይደገማል። ባርቤዶስም በ30 ዓመቱ በሙሉ 6,300 ሄክታር ላይ ቆማለች። ሠንጠረዥ ውስጥ እነዚህን "ለውጥ 0%" ብሎ ከማስገባት ይልቅ ሰረዝ አድርጎ ማለፍ ሐቀኛ ነው።

ታዲያ ሳተላይት አይሻልም?

ለአንዳንዱ ይሻላል። ከሁሉ የሚታወቀው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የሚያወጣው ካርታ ነው፤ ግሎባል ፎረስት ዎች በሚባል ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ የጠፋውን የዛፍ ሽፋን ያሳያል። ለሁሉም አገር አንድ ዓይነት ዓይን መጠቀሙ ትልቅ ነገር ነው።

ደሴት ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑ ይፈዛል። አንዷ ፒክሰል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባት ትንሿ ነጥብ፣ 30 ሜትር በ30 ሜትር ናት። የቱቫሉ ዋና ደሴት ፎንጋፋሌ በቀጭኑ ቦታ 20 ሜትር ብቻ ትሰፋለች። አገሪቱ እዚያ ላይ ከአንድ ፒክሰል ታንሳለች! ተራራማዎቹ ደሴቶች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ጉም ለብሰው ይውላሉ፤ ጥርት ያለ ምስል ማግኘት ራሱ ዕድል ነው። ምስል ከሚያነሱት ሳተላይቶች አንዱ የሆነው ላንድሳት 7 ከ2003 ጀምሮ ምስሉን በጥቁር ሽንትር መስጠቱም አልጠቀመም።

"የዛፍ ሽፋን መጥፋት" ማለትም የደን ጭፍጨፋ ማለት አይደለም። አሮጌ ኮኮናት ተነቅሎ በአዲስ ሲተካ ሳተላይቱ ጠፋ ይላል። በመስከረም 2017 ማሪያ የተባለችው ማዕበል ዶሚኒካን (ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሌላ ናት) ስትመታ፣ አረንጓዴዋ ደሴት በአንድ ሌሊት ቡናማ ሆነች። ቅጠል የሚባል አልቀረም። ብዙ ሳይቆይ ግን ግንዱ ማቆጥቆጥ ጀመረ። ማንም መጥረቢያ አላነሳም። ለደሴት አገሮች ስለዚህ አንድ ዓመትን ከአንድ ዓመት አታነጻጽሩ፤ የአውሎ ነፋሱ ዓመት ሁሉን ነገር ያዛባዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ ካርታ አሠራር ከ2011 በኋላ ተሻሽሏል። የቀድሞውን አስር ዓመት ከኋለኛው ጋር አስተያይቶ "ጭፍጨፋው በእጥፍ ጨመረ" ከማለታችሁ በፊት ማስጠንቀቂያውን አንብቡ። ገጹ ላይ ተጽፏል፤ ግን ማን ያነባል።

ሰለሞን ደሴቶች 90% ደን ከሆነች ምን ችግር አለ?

ቁጥሩ እውነት ነው፤ በ30 ዓመትም ብዙ አልቀነሰም። ወደቧን ብታዩ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በዘላቂነት ሊቆረጥ ይችላል የሚባለው በዓመት 250,000 ሜትር ኩብ አካባቢ ግንድ ነው። አገሪቱ በብዙ ዓመታት ከዚያ ከአስር እጥፍ በላይ ወደ ውጭ ልካለች፤ አብዛኛውን ወደ ቻይና።

ሚስጥሩ እዚህ ነው፦ ኩባንያው ትልልቁን ዛፍ መርጦ ይወስዳል፤ ሌላውን ይተዋል። የቀረው ጥላ ከ10% በላይ እስከሆነ ድረስ በፋኦ መዝገብ መሬቱ ደን ነው። እርሻ ካልሆነ "ጭፍጨፋ" አልተባለም። መንገዱ አፈሩን ወደ ኮራሉ ቢያጥበውም፣ ዋናው ዛፍ ቢያልቅም፣ 90% እንደ 90% ይቀጥላል። ዩኔስኮ በ1998 በቅርስነት የመዘገባትን ምሥራቅ ሬኔል በ2013 አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በዚሁ የግንድ ንግድ ምክንያት ነው። ስለ ሰለሞን ደሴቶች የምትጽፉ ከሆነ የደን ስፋቱን ለጊዜው ተዉትና የጉምሩክ አሃዙን ፈልጉ።

ለምን ሁሉም ከ1990 ይጀምራል?

ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው፤ ወጥ የሆነው መረጃ ከዚያ ይጀምራል። ውጤቱ ግን ፍርድን ያዛባል።

እንግሊዞች ባርቤዶስ የሰፈሩት በ1627 ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ ደሴቱ ከሞላ ጎደል ተመንጥሮ ሸንኮራ ሆነ። ሞሪሸስ ላይ ደች ከ1638 ጀምሮ ዞጲውን ቆረጡ፤ ፈረንሳይና እንግሊዝ የቀረውን ለስኳር አነሱት። ዛሬ ጥሩ ይዞታ ላይ ያለው የሞሪሸስ አገር በቀል ደን ከመሬቷ 2% አይሞላም። ናውሩ ደግሞ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት። ለፎስፌት ማዕድን ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ወደ 80% የሚሆነው መሬቷ ተልጧል። በፋኦ መዝገብ የናውሩ ደን በ1990 ዜሮ፣ በ2020ም ዜሮ ነው። ከ1990 ወዲህ ምንም ደን ያላጣች አገር! ሠንጠረዡ እንደዚያ ነው የሚለው።

ከ1990 የሚጀምር ደረጃ ድሮ የጨረሰውን ይሸልማል፤ አሁንም የሚቆረጥ ደን የተረፈውን ይከሳል። ስለዚህ ከለውጡ ጎን "ዛሬ ስንት ቀረ?" የሚል ዓምድ ጨምሩ።

ደናቸው የጨመረ አገሮች እንደ ምሳሌ ይወሰዱ?

ምን እንደተተከለ ካያችሁ በኋላ። ኩባ ከ2.06 ወደ 3.24 ሚሊዮን ሄክታር አድጋለች፤ ይህ ከባድ ሥራ ነው። ኬፕ ቨርዴም በ1975 ነጻ ስትወጣ ራቁቷን የነበረች ደረቅ አገር ናት፤ ዛሬ ወደ 11% ደን አላት። በብዛት ከተተከሉት ዛፎች አንዱ ፕሮሶፒስ ነው።

አፋር ያላችሁ ሰዎች አሁን ፈገግ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አዎ፣ ያው ነው፤ አዋሽ ዳር የግጦሹን መሬት የወረረው፣ ፍየሉ ፍሬውን በልቶ የሚዘራው እሾሃም። አንድ ዛፍ አንዱ አገር የደን ስኬት ነው፤ ሌላው አገር ዘመቻ ይወጣበታል። መቶኛው ይህን አይነግራችሁም።

በየዓመቱ ስንት በመቶ ጠፋ የሚለውን እንዴት ላስላ?

የ28%ን ለ30 አታካፍሉ። በየዓመቱ የሚቀንሰው ከቀረው ላይ ነው። ኤክሴል ላይ ይህን ጻፉ፦ =(33/46)^(1/30)-1። ለኮሞሮስ በዓመት 1.1% ገደማ ቅናሽ ይወጣል። ለፓፑዋ ኒው ጊኒ በተመሳሳይ ስሌት 0.05% ገደማ። ይህ የተጣራ ለውጥ መሆኑን አስታውሱ፤ የተተከለው ከተቆረጠው ላይ ተቀናንሷል።

ከግራፌ ሥር ምን ብዬ ልጻፍ?

እኔ የምጽፈው ይህን ይመስላል፦ "የደን ስፋት ለውጥ በመቶኛ፣ 1990–2020፤ የፋኦ የ2020 ሪፖርት። ኮኮናት አልተቆጠረም። ሰረዝ ያለባቸው አገሮች በ30 ዓመቱ ተመሳሳይ ቁጥር ያቀረቡ ናቸው። ናውሩ አልተካተተችም፤ ደኗ መነሻው ዓመት ላይ ዜሮ ነበር።" ቦታ ይፈጃል፤ ግራፍ ሠሪው ያጉረመርማል። ይጻፍ።